ስለ ስደትና ስለ ማንነት፤ በመጽሐፍና በጋዜጣ የሚሰጥ ትምህርት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

ምዕራፍ ፩። የሾላ ገበያ ምሳሌ

በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል፥ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከመገናኛ አጠገብ ሾላ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ የዛፍ ስም ነው። በየገጠሩ ሽማግሌ ለዕርቅ፥ መንገደኛም ለዕረፍት በሾላ ጥላ ሥር እንደሚቀመጥ፥ እዚህም ከየአገሩ የመጣ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ይሸጣል፥ ይገዛል። ወደ ገበያው ገብቶ የዕቃውን ስም የሚያደምጥ ሰው የኢትዮጵያን ካርታ የሚያነብ ይመስለዋል። ቅቤው የሸኖ ቅቤ፥ በርበሬው የማረቆ በርበሬ፥ ጤፉም የአድአ ጤፍ ይባላል። ገዢ ይህን ስም ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ዋጋም ይጨምራል። የትውልድ አገሩ መታወቁ ለዕቃው ክብር ሆኖለታልና።

ነገር ግን ቅቤውን ተሸክሞ የመጣው ሰው፥ በርበሬውን በጉሊት የምትሸጠው ሴት፥ ጆንያውን ከመኪና የሚያወርደው ልጅ የትውልድ አገራቸው ሲጠራ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ክብር አያገኙም። አነጋገራቸው ይሳቅበታል፤ አለባበሳቸው ይነቀፋል፤ «መጤ» ይባላሉ። ለቅቤ ክብር የሆነው የአገር ስም ለሰው ስድብ የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ በመንደር ትምህርት ቤት ሊመረመር የሚገባው ነው። ጆንያ የሚያወርደው ልጅ ትናንት በመንደር ትምህርት ቤት ወንበር ተቀምጦ የነበረ ነውና፤ ነገ የሚከተለውም ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፥ አገሩን ለቆ የሚሄድ ልጅ የሚሄድበትን ነገር አስቀድሞ በእውነት እንዲያውቅ ነው። ሁለተኛው፥ ከሌላ አገር መጥቶ በመካከላቸው የተቀመጠውን ልጅ ተማሪዎች እንዳይንቁት ነው። ለሁለቱም መሣሪያው መጽሐፍና ጋዜጣ ነው።

ምዕራፍ ፪። የቃላት ትርጓሜ

መምህር አስቀድሞ ቃላቱን ለይቶ ያስረዳ። ስደት «ሰደደ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው፤ «ተሰደደ» ማለትም ሌላ ኃይል ገፍቶት ወጣ ማለት ነው። የሚገፋውም ጦርነት፥ ራብ ወይም የገዥ ቍጣ ሊሆን ይችላል። ፍልሰት «ፈለሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ከስፍራ ወደ ስፍራ መዛወርን ያመለክታል፤ ይህም በፈቃድም በግድም ይሆናል። በነሐሴ ወር የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ተፈናቃይ የሚባለው ደግሞ ከቀየው ተነቅሎ፥ ነገር ግን ከአገሩ ድንበር ሳይወጣ የተጠለለ ሰው ነው።

ቀጥሎ መምህሩ አንድ ነገር ያስተውል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል። ለእናቱ ልጅ ነው፤ ላሳደረው ቤት እንግዳ ነው፤ ለሚያፌዝበት መጤ ነው፤ ለመዝገብ ጸሐፊ ስደተኛ ነው፤ ወደ አገሩ ሲገባም ተመላሽ ይባላል። ሰውዬው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚጠራው ሰው ነው። ተማሪ ይህን ካወቀ፥ በመጽሐፍም በጋዜጣም «ይህን ሰው በዚህ ስም የጠራው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል። የትምህርቱ ግማሽ ይህ ነው።

ምዕራፍ ፫። ሽማግሌዎች የሚመሰክሩት

ብዙ ሰው ስደትን የዛሬ ዘመን ጉድ አድርጎ ያየዋል። ሽማግሌዎች ግን ቢጠየቁ የቆየ ነገር መሆኑን ይመሰክራሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቈየው በዘመነ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ከልጇ ጋራ ወደ ግብጽ መሰደድ ታስባለች። ሙስሊሞችም በፈረንጅ አቈጣጠር በ615 ዓመት ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ በነጃሺ ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸውን ይተርካሉ። እንግዲህ በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ ስደተኛ የከበረ ስም አለው፤ የተቀበለውም ሰው በመልካም ይነሣል።

ትምህርትም ራሱ የተገኘው በእግር መንገድ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞር ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ወረደ። ውሻ እያባረረው፥ አነጋገሩ እየተሳቀበት ተምሮ፥ መምህር ሆኖ ሲመለስ ያገሩ ሰው ቆሞ ተቀበለው። ዛሬ በየአጥቢያው የሚከበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ በልጅነታቸው በሰው አገር እንጀራ የለመኑ ናቸው። ይህን ሽማግሌው በገዛ አንደበቱ ለተማሪዎች ቢነግር፥ መምህሩ በብዙ ቀን ከሚናገረው ይበልጣል።

የአዲስ አበባም ከተማ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራችው ከየአገሩ በመጡ ሰዎች ነው። የሰፈሮቿ ስም ይህን አልደበቀም። ጎጃም በረንዳ፥ ወሎ ሰፈር፥ ዶርዜ ሰፈር፥ ሱማሌ ተራ፥ ሲዳሞ ተራ እየተባሉ ይጠራሉ። በዚህች ከተማ ሌላውን «መጤ» የሚል ሰው አያቱ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ስም ይጠራል።

ምዕራፍ ፬። ስለ መጻሕፍት

የአማርኛ ልብ ወለድ ሲጀመር የተጀመረው ከቤቱ በወጣ ሰው ታሪክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዘጌ ተወልዶ በኢጣሊያ አገር ሲኖር፥ በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ በሮማ አሳተመ። ይህም በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው ነው። በዚህ ታሪክ ዋሕድ ከቤቱ ወጥቶ በባሪያ ሻጮች እጅ ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ፍለጋ ትወጣለች። መምህሩ ከዚህ የሚያስተምረው፥ መንገደኛ ሰው ለመዳን ሲል መልኩን እንደሚለውጥ፥ ልቡ ግን ያው እንደ ሆነ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተጉለቱን ተወላጅ የአወቀን ነገር ይተርካሉ። አወቀ ወደ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ነገር ግን በሰርግና በተዝካር ነገር ከዘመዶቹ ጋራ ይጣላል። በሰው አገር እንግዳ የነበረው ሰው በገዛ አገሩ ደግሞ እንግዳ ሆነ። ይህ ታሪክ የመመለስን ችግር ስለሚያሳይ እጅግ ይጠቅማል፤ ሰው መሄድ ብቻ ከባድ ይመስለዋልና። ደራሲውም ቢሆኑ ኋላ የስደት ዕጣ ደርሷቸው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐርፈዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ለቅኔ ትምህርት ወደ ዲማ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሸሽቶ ይነሣል። ሰብለ ወንጌልም መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች። ደራሲው ራሳቸው በጦርነቱ ተማርከው በኢጣሊያ አገር በግዞት የኖሩ ሰው ነበሩ። መምህሩ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መንገድ ያሳይ፤ ይኸውም ለትምህርት የሚሄዱበትና ከግፍ የሚሸሹበት ነው። በዛብህ በሁለቱም ሄዷል።

ከዛሬዎቹ ደራስያን ደግሞ ዲናው መንግሥቱ ይጠቀሳል። በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደ ነው። በ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በአብዮቱ ዘመን አባቱን አጥቶ የሸሸውን የሴፋ እስጢፋኖስን ታሪክ ይነግራል። ሴፋ በዋሽንግተን ከተማ ሎጋን ሰርክል በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል፤ ከአገሩ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖታል። ከኬንያና ከኮንጎ ከመጡ ሁለት ወዳጆቹ ጋራ ተቀምጦ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥት እየቈጠሩ ይጫወታሉ። አገሩን አልተወም፤ በአዲሱም አገር ሥር አልሰደደም። መጽሐፉ በመንደር ባይገኝ እንኳ መምህሩ ታሪኩን በቃሉ ሊተርከው ይችላል። በዋሽንግተን ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ሰውና በሾላ ገበያ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ልጅ የሚያስቡት አንድ ነገር መሆኑን ተማሪዎች ያለ ብዙ ችግር ያስተውላሉ።

ምዕራፍ ፭። ስለ ጋዜጣ

መጽሐፍ የአንድን ሰው ልብ ያሳያል፤ ጋዜጣ የብዙ ሰውን ቍጥር፥ ስፍራና ቀን ያሳያል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ተማሪ የአንዱን ኀዘን የሁሉ ያደርገዋል፤ ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ግን ሰውን እንደ እህል በቍጥር ብቻ ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ጋዜጣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ«አእምሮ» ተጀመረ፤ «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፥ «አዲስ ዘመን» ደግሞ ስደተኞች ከየአገሩ በተመለሱበት በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ሁለቱን ሙያ ያጣመሩ ሰዎችም ነበሩ። ከኢሉባቦር መጥቶ በአዲስ አበባ የተማረው በዓሉ ግርማ የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» የጋዜጠኛን ታሪክ ጽፎ፥ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ተማሪ ጋዜጣ ሲያነብ አምስት ጥያቄ ይጠይቅ። ማን? ምን? የት? መቼ? ቍጥሩንስ ማን ቈጠረው? ለምሳሌ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ ሰፍሯል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። መምህሩ ይህን ቍጥር በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስላው። አንድ ትምህርት ቤት 500 ተማሪ ቢኖረው፥ 150 ሺህ ሰው ማለት የ300 ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ባንድነት ሲመለስ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት መርጦ፥ ሻንጣዋን ይዛ ከቤተሰቧ ደጅ ስትደርስ ምን እንደ ተናገረች ያስብ። ቍጥሩ ከጋዜጣ፥ ሐሳቡ ከልብ ወለድ ትምህርት ይመጣል።

ደግሞም ጋዜጣ የሚጎድለውን ነገር ማሳየት ይገባል። ጋዜጣ ጉዳት ሲደርስ ይጽፋል፤ ደኅና የዋለውን ቀን አይጽፍም። ጀልባ ሲሰጥም ወሬው ይታተማል፤ በሾላ ገበያ ቅቤ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረች ሴት ግን ስሟ አይነሣም። ስለዚህ ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ተማሪ ስደተኛ ሁሉ ምስኪን ይመስለዋል። የደላላን ቃል ብቻ የሰማ ደግሞ ስደተኛ ሁሉ ባለጸጋ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ሰውን አታልሎ ለባርነት ለሚመስል ሥራ ማሻገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1178 በብርቱ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑንም መምህሩ ያስረዳ።

ምዕራፍ ፮። የትምህርቱ አሰጣጥ

ትምህርቱ በአራት ቀን ይከፈል።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ የሚከተለውን ለምሳሌ የተጻፈ ደብዳቤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ።

«ይድረስ ለእናቴ። እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሥራ አግኝቻለሁ፤ ስፍራውም ሾላ ገበያ ይባላል። ካገራችን ልጆች ጋራ አብረን እንኖራለን። ጥቂት ገንዘብ ልኬልሻለሁ፤ ለእኅቴ ደብተር ግዢላት። ለፋሲካ እመጣለሁ። ልጅሽ።»

ካነበበ በኋላ «በዚህ ደብዳቤ ያልተጻፈው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪዎች አንድ በአንድ ይመልሱ። ሥራው ምን እንደ ሆነ አልተጻፈም። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚያድር አልተጻፈም። ለእኅቱ ደብተር ያሰበው ልጅ የራሱን ደብተር የት እንዳደረሰው አልተጻፈም። የትኛው ፋሲካ እንደ ሆነም አልተጻፈም። እዚህ ላይ መምህሩ የትምህርቱን ዋና ነገር ይግለጥ። ልጁ አልዋሸም። እናቱ እንዳትጨነቅ ሲል የሚያስጨንቀውን ተወው እንጂ። ነገር ግን ደብዳቤው በመንደሩ ሲነበብ፥ በእናቱ አጠገብ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ የሰማው «ሥራ አግኝቻለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ብዙ ልጅ ከትምህርቱ የሚነሣው በደላላ ውሸት ብቻ አይደለም፤ በዘመዱ ፍቅር ባጠረ ወሬም ነው። ዛሬ ደብዳቤው በስልክ የሚላክ ቃልና ሥዕል ሆኗል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከከተማ የሚላከው ሥዕል አዲሱን ልብስ ያሳያል፥ የሚታደርበትን ስፍራ አያሳይም።

በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች ልጁ ያልላከውን ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉ። ይህ የልብ ወለድ ሥራ ነው። ሰውን ላለማዋረድ እየተጠነቀቁ፥ ችግሩን ብቻ ሳይሆን ደስታውንም ይጻፉበት፤ ልጁ በገበያው ውስጥ ወዳጅ አግኝቶ፥ ሌላ ቋንቋ ለምዶ፥ በራሱ ጉልበት ገንዘብ ይዞ ሊሆን ይችላልና።

በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ነገር በአምስት ዐረፍተ ነገር እንደ ጋዜጣ ወሬ ይጻፉ። ያላዩትን እንዳዩ፥ ያልሰሙትን እንደ ሰሙ አድርገው እንዳይጽፉ ይከልከሉ። «ይባላል» የሚለው ቃል በገባ ቍጥር መምህሩ «ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያም ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዱ የያዘውን፥ ሌላው ያጣውን ይመርምሩ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ይጋበዝ። ተማሪዎች አስቀድመው ከቤታቸው «ከሦስት ትውልድ ወዲህ ከወገናችን ወደዚህ አገር የመጣ ማን ነው? ከዚህስ የወጣ ማን ነው? ምክንያቱስ?» ብለው ጠይቀው ይምጡ። በጋብቻ፥ በርስት፥ በዘመቻ፥ በራብ፥ በትምህርት ወይም በንግድ ከስፍራው ያልተነሣ ቤተሰብ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌውም «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ያለን መንገደኛ ማሳደር በቀድሞ ዘመን እንዴት ያለ ግዴታ እንደ ነበረ ይንገራቸው።

ምዕራፍ ፯። መምህር የሚጠነቀቅበት ነገር

አንደኛ፥ ከጦርነት ወይም ከግጭት ሸሽቶ የመጣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ታሪኩን እንዲናገር አይገደድ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ከቀየው መፈናቀሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊገኝ ይችላል። የሚጻፈው በምሳሌ ስለ ተሰጠው ልጅ ነው፤ የራሱን ታሪክ መጻፍ የፈቀደ ብቻ ይጻፍ፤ የጻፈውም ያለ ፈቃዱ አይነበብ።

ሁለተኛ፥ በአነጋገር ዘዬ አይሳቅ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ምሳሌ የሚናገረው ስለ ነገሩ አቀራረብ ነው እንጂ ስለ ዜማው አይደለም። የጎጃም፥ የወሎ፥ የጎንደርና የሸዋ አማርኛ እያንዳንዱ የራሱ ለዛ አለው። በቤቱ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ ወይም ጉራግኛ የሚናገር ልጅ አማርኛን ቢያስተካክል የሚደነቅ ነው፤ ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሁለት ደጅ ያለው ቤት ነውና። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ቀድሞ ከትምህርት ቤት የሚወጣው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፥ ትምህርቱ «አትሂዱ» የሚል ስብከት እንዳይሆን። ሥራና ትምህርት ፍለጋ መሄድ ነውር አይደለም። የሚፈለገው ልጁ ዐይኑን ገልጦ እንዲሄድ፥ ወይም ዐይኑን ገልጦ እንዲቀር ነው።

ምዕራፍ ፰። የመመርመሪያ ጥያቄ

፩። ስደት፥ ፍልሰትና መፈናቀል በምን ይለያያሉ?
፪። አወቀ በፓሪስና በተጉለት እንግዳ የሆነው በምን ምክንያት ነው?
፫። መጽሐፍ የሚያሳየው፥ ጋዜጣ ግን የማያሳየው ምንድር ነው? ጋዜጣስ የሚያሳየው፥ መጽሐፍ ግን የማያሳየው?
፬። ልጁ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ያልተነገሩትን አራት ነገሮች ቍጠሩ።
፭። የዕቃ የትውልድ ስፍራ ክብር ሲሆን፥ የሰው የትውልድ ስፍራ ስድብ የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው? ይህንስ ለመለወጥ አንድ ተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ለአምስተኛው ጥያቄ መምህሩ አንድ መልስ ብቻ ትክክል ነው ብሎ አይጠብቅ። በሚመጣው መስከረም አንድ አዲስ ልጅ ከሌላ አገር መጥቶ በክፍሉ ደጅ ይቆማል። ተማሪዎቹ «ከየት መጣህ?» ብለው በምን ድምፅ እንደሚጠይቁት መምህሩ ያድምጥ፤ ትምህርቱ መግባቱና አለመግባቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።